ዝምታ የሚነቅዝበት ሥራ

(ሥራውን በቅርቡ ለጀመሩ የንግድ አማካሪዎች ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ)

ወደ ማማከር ሥራ በገባሁ በአራተኛው ዓመት ገደማ ዕቃ የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት ቀጠረን። ችግራቸውን የነገሩን በአጭሩ ነበር፤ «ደንበኞቻችን ያዘዙት ዕቃ ዘግይቶ ይደርሳቸዋል፤ ምክንያቱን ፈልጋችሁ መፍትሔ አምጡልን።» አራት ወር ሠራን። መጋዘኑ ውስጥ ሰዓት ይዘን ቆመን የጫኝና አውራጆችን እርምጃ ሳይቀር ለካን። መደርደሪያዎቹ እንዴት ቢቀመጡ እንደሚሻል በሥዕል አሳየን። የመጋዘን ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር እንዲገዛም መከርን። የማጠቃለያው ስብሰባ በጭብጨባ ተዘጋ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ረስቼው የሄድኩትን ጃንጥላ ለመውሰድ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ። የመጋዘኑ ኃላፊ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀሯቸው ሰው ነበሩ። ጃንጥላዬን በአንድ እጃቸው ሰጥተውኝ በሌላው የያዙትን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። በማስመሪያ የተሰመሩ ሦስት ዓምዶች አሉት። በመጀመሪያው የሽያጭ ሠራተኛው ትእዛዙን የተቀበለበት ቀን፣ በሁለተኛው ዕቃው እንዲወጣ ፈቃዱ የተፈረመበት ቀን፣ በሦስተኛው ዕቃው ከበር የወጣበት ቀን ተጽፏል። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ዓምድ ያለው አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ግን አምስት፣ ሰባት፣ አንድ ቦታ ላይ አሥራ አንድ ቀን ይላል። ዕቃው የሚዘገየው መደርደሪያ ላይ ሳይሆን ፊርማ ላይ ኖሯል። ፈራሚው ደግሞ እኛን የቀጠሩን ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነበሩ።

እኛ ሰዓት መቁጠር የጀመርነው የተፈረመው ወረቀት መጋዘን ከደረሰበት ደቂቃ ነው። «ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው። «አልጠየቃችሁኝም» አሉና ደብተሩን አጠፉት። ትንሽ ቆይተውም «ደግሞ ሁልጊዜ የምትመጡት ከእሳቸው ጋር ነበር» አሉኝ።

«ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ያደግን ሰዎች ነን። በሌላው የኑሮ ዘርፍ ተረቱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ሥራ ግን ዝምታ ይነቅዛል። የከሸፉብኝን ፕሮጀክቶች አንድ በአንድ ሳስታውስ በስሌት ስህተት ወይም በዕውቀት ማነስ የወደቁት ጥቂት ናቸው። የሚበዙት የወደቁት አንድ ሰው የሚያውቀውን ነገር በጊዜው ሳይናገር ስለቀረ ነው። አንዳንዴ ዝም ያለው ደንበኛው ነው፤ አንዳንዴ ሠራተኛው ነው፤ ከጠበቅኩት በላይ በሆነ ብዛት ደግሞ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቢጋር (የሥራውን ዓላማና ወሰን ስለሚያስቀምጠው ሰነድ)፣ ስለ ጊዜ ሰሌዳና ስለ ሳምንታዊ ማስታወሻ ሳወራ እንደ ወረቀት ሥራ አትዩብኝ። ለእኔ ሁሉም አንድ አገልግሎት አላቸው። መነገር ያለበት ነገር ገና በርካሽ ሊስተካከል በሚችልበት ሰዓት እንዲነገር ያስገድዳሉ።

ከመጀመሪያው ቀጠሮ እንነሣ። ኤድጋር ሻይን የተባሉት የአደረጃጀት ሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ሥራ ማማከርን የተለያዩ መልኮች ያሉት አድርገው አይተውታል። በአንደኛው ደንበኛው የሚፈልገውን ያውቃል፤ ዕውቀቱን እንደ ሸቀጥ ይገዛል። በሌላው ደንበኛው እንደ ታማሚ፣ አማካሪው እንደ ሐኪም ነው፤ «ያመኛል፣ መርምረኝ» ይላል። በሦስተኛው ሁለቱ አብረው ተቀምጠው ችግሩን ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው መንገድ የሚያዋጣው ደንበኛው ችግሩን ራሱ በትክክል ለይቶ ከሆነ ብቻ ነው። ሁለተኛው የሚያዋጣው ታማሚው ሕመሙን ሳይደብቅ ከተናገረ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኛ የመጋዘኑን ሥራ የተቀበልነው በመጀመሪያው መንገድ ነበር። «ችግሩ መጋዘን ነው» ተባልን፤ መጋዘን ሄድን።

አሁን በመጀመሪያው ቀጠሮ ስለ ችግሩ ከመጠየቄ በፊት ስለ ውሳኔው እጠይቃለሁ። ይህ ጥናት ሲያልቅ የምትወስኑት ነገር ምንድን ነው? የሚወስነው ማን ነው? መቼ? መልሳችን ከምትጠብቁት ተቃራኒ ቢሆንስ ምን ታደርጋላችሁ? ከዚህ በፊት ምን ሞክራችሁ ነበር? በመጨረሻም «ይህ ጥናት ጨርሶ ባይሠራ ምን ይቀርባችኋል?» እላለሁ። በዚህ ጥያቄ ላይ ደንበኛው ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ከጀመረ ተጠንቀቁ። ወይ ውሳኔው ድሮ ተወስኖ የሚፈለገው የአማካሪ ማኅተም ብቻ ነው፤ ወይ ደግሞ በጀቱ ዓመቱ ሳያልቅ ማለቅ አለበት። ማኅተም ፈላጊዎችን ሁለት ጊዜ መልሻለሁ። አንድ ጊዜ ገንዘቡ አስፈልጎኝ ተቀብያለሁ፤ ያንን ሪፖርት እስከ ዛሬ ለማንም አላሳየሁም።

ሌላው በመጀመሪያው ሳምንት መለየት ያለበት «ደንበኛው» የሚባለው ሰው ማን እንደሆነ ነው። የሚከፍለው አንድ ነው፤ የሚወስነው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ምክሩን በየቀኑ ሥራ ላይ የሚያውለው ሦስተኛ ሰው ነው፤ በምክሩ ወንበሩን የሚያጣ አራተኛም አይጠፋም። ውሉን የፈረመውን ብቻ ደንበኛ አድርጎ የያዘ አማካሪ ጃንጥላውን ሊወስድ ሲመለስ ነው እውነቱን የሚሰማው። ለዚህ አንድ ልማድ አለኝ። መረጃ ለመሰብሰብ ስሄድ የቀጠረኝ ኃላፊ ቢያንስ በአንዱ ቀን አብሮኝ እንዳይመጣ በጨዋ ቋንቋ እጠይቃለሁ። «ሰዎቹ እርስዎን ሲያዩ ሥራቸውን ሳይሆን ንግግራቸውን ያስተካክላሉ» ስል ቅር ያለው ኃላፊ እስካሁን አልገጠመኝም። አንዳንዶቹ እንዲያውም ይስቃሉ።

ወደ ቢጋሩ እንምጣ፤ እዚህ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ነውና። የተለመደው ቢጋር እንዲህ ይላል፦ «የሽያጭ ክፍሉን አሠራር አጥንቶ የማሻሻያ ሐሳብ ማቅረብ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ለአራት ኃላፊዎች ብትሰጡት አራት የተለያየ ሥራ ያነቡበታል። አንዱ የሰው ኃይል ቅነሳ ያያል፤ ሌላው ሥልጠና፤ ሦስተኛው የኮሚሽን ክፍያ፤ አራተኛው ምንም። ሁሉም ደስ ብሏቸው ይፈርማሉ። የተስማሙት ግን በቃሉ ላይ ነው እንጂ በነገሩ ላይ አይደለም።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ቢጋር በጥያቄ መልክ እንደገና ጻፍነው፦ «ድርጅቱ ከሚቀጥለው የበጀት ዓመት ጀምሮ የሽያጭ ሠራተኞቹን በአካባቢ ይመድብ ወይስ በምርት ዓይነት? ለዚህ በማስረጃ የተደገፈ መልስ ቦርዱ ዕቅድ ከማጽደቁ ከአንድ ወር በፊት ማቅረብ።» ከሥሩም አንድ መስመር ጨመርን፦ «ይህ ሥራ የደመወዝ ጥናትን፣ የሠራተኛ ምዘናንና የሶፍትዌር መረጣን አይጨምርም።» በስብሰባው ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የፋይናንስ ኃላፊዋ መነጽራቸውን አወለቁና «የደመወዝ ጥናት አይጨምርም? እኔ እኮ እናንተን መቅጠር የደገፍኩት ለእሱ ብዬ ነው» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ዞር ብለው አዩዋቸው። ክርክሩ አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ እኛ ቡና ክፍል ሄደን ጠበቅን። ያ ክርክር በአራተኛው ወር ላይ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ አርባ ደቂቃ ሳይሆን ውሉን ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ከሥራው ወሰን ውስጥ ያለውን ስትጽፉ ከወሰኑ ውጭ ያለውንም ጻፉ። ሁለተኛው ዝርዝር ከመጀመሪያው ይበልጥ ሰው ያናግራል።

በውሉ ውስጥ መግባት ያለባቸውን ሌሎች ነገሮች አብዛኞቻችሁ ስለምታውቋቸው ፈጠን ብዬ ልለፍ። መረጃውን ማን፣ በስንት ቀን ይሰጣል? ረቂቁ ስንት ጊዜ ይታረማል? የርክክብ ሰነዱን የሚፈርመው ማን ነው? ክፍያው «ደንበኛው ሲረካ» ከሚል ቃል ጋር ሳይሆን ከሚታይና ከሚቆጠር ነገር ጋር ይታሰር፦ የመነሻ ሪፖርት፣ ረቂቅ ሪፖርት፣ የመጨረሻ ሪፖርት። አንዲት አንቀጽ ግን አደራ አትርሱ። «ረቂቁ ከቀረበ በኋላ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ አስተያየት ካልተሰጠ ተቀባይነት እንዳገኘ ይቆጠራል» የምትለዋን። ለዝምታ ትርጉም የምትሰጥ አንቀጽ ናት። ያለ እሷ ረቂቃችሁ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ወር ሊተኛ ይችላል፤ እናንተም ሦስት ወር ሙሉ ቡድናችሁን መበተን አትችሉም።

ስለ ክፍያው ዓይነት የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። በቁርጥ ዋጋ ከተዋዋላችሁ ሥራው ሲረዝም የምትከስሩት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ ወሰኑን አጥብቃችሁ ትጠብቃላችሁ። በቀን ሒሳብ ከተዋዋላችሁ ሥራው ሲረዝም የሚከስረው ደንበኛው ነው፤ ስለዚህ እሱ በየሳምንቱ ይቆጣጠራችኋል። እኔ የማደርገው ጥያቄው ገና ባልጠራበት በመጀመሪያው ደረጃ በቀን ሒሳብ አጭር ውል መግባት፣ ጥያቄው ከጠራ በኋላ ቀሪውን በቁርጥ ዋጋ መዋዋል ነው። በውጤት የሚታሰብ ክፍያን፣ ለምሳሌ ከተቀነሰው ወጪ ይህን ያህል መቶኛ የሚለውን፣ በጣም እፈራዋለሁ። ወጪ ለመቀነስ የሚከፈለው አማካሪ መቀነስ የሌለበትን ወጪ የሚያይበት ዓይን ይታወራል።

ጊዜን ስለመገመት አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። የሥነ ልቦና ሊቁ ዳንኤል ካህነማን በእስራኤል ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ውሳኔ አሰጣጥ የሚያስተምር ሥርዓተ ትምህርትና መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ቡድን ይመሩ ነበር። አንድ ቀን እያንዳንዱ ሰው ሥራው መቼ እንደሚያልቅ በየግሉ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ አደረጉ። ግምቱ ሁሉ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ባለው ውስጥ ወደቀ። ከዚያ በቡድኑ ውስጥ የነበሩትን የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ፣ ተመሳሳይ ሥራ የጀመሩ ሌሎች ቡድኖች ስንት ጊዜ እንደወሰደባቸው ጠየቋቸው። ሰውየው አሰቡ፤ ፊታቸውም ተለወጠ። ከመቶ አርባ የሚሆኑት ጨርሶ አልጨረሱትም፤ የጨረሱትም ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ሥራው በእርግጥም ስምንት ዓመት ፈጀ፤ መጽሐፉም ጥቅም ላይ ሳይውል ቀረ። ካህነማን ከአሞስ ትቨርስኪ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1979 ይህን ዓይነቱን ያለ ልክ ተስፈኛ አገማመት የዕቅድ ስህተት ብለው ሰይመውታል።

እኔን ከዚህ ታሪክ የሚገርመኝ ስምንት ዓመቱ አይደለም። ባለሙያው መልሱን ያውቁት ነበር፤ ደቂቃዎች ቀደም ብሎ ግን እሳቸውም ወረቀታቸው ላይ የጻፉት እንደ ሌሎቹ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ዕውቀቱ በራሳቸው ውስጥ ሆኖ ራሳቸውን እንኳ አልጠየቁትም። ስለዚህ የጊዜ ግምት ስታወጡ ሥራውን ከፋፍላችሁ ከመደመራችሁ በፊት ካለፉት ሥራዎቻችሁ ሦስቱን አውጡና ስንት ቀን ታቅዶ ስንት ቀን እንደፈጀ እዩ። መዝገብ ካልያዛችሁ ከዛሬ ጀምራችሁ ያዙ።

ከፋፍሎ መደመሩም ቢሆን በሐቀኝነት ይሁን። ሃያ ቃለ መጠይቅ አለባችሁ እንበል። ጀማሪ አማካሪ «አንዱ አንድ ሰዓት ነው፤ ሃያ ሰዓት፤ ሦስት ቀን ይበቃል» ይላል። አንዱ ቃለ መጠይቅ ግን አንድ ሰዓት ዝግጅት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ንግግር፣ ሁለት ሰዓት ማስታወሻ አጥርቶ መጻፍ አለው፤ አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። በሃያ ሲባዛ ዘጠና ሰዓት ነው፤ በቀን ስምንት ሰዓት ሳትነሡ ብትሠሩ እንኳ ከአሥራ አንድ ቀን በላይ። ቀጠሮ የሚሰርዙት ገና አልተቆጠሩም። ሦስት ቀን የተባለው ሥራ ሦስት ሳምንት የሚሆነው በስንፍና አይደለም፤ ከመጀመሪያውም ሦስት ሳምንት ስለነበረ ነው።

የጊዜ ሰሌዳን በአግድም መስመሮች ማሳየት ሄንሪ ጋንት ከመቶ ዓመት በፊት ያስፋፉት ዘዴ ነው፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ የዱፖንት ኩባንያና የሬሚንግተን ራንድ ባለሙያዎች የፋብሪካ ጥገናን ለማቀድ ሲሉ ወሳኙን የሥራ ሰንሰለት፣ ማለትም አንዱ ቀለበት አንድ ቀን ቢዘገይ ሥራው ሁሉ አንድ ቀን የሚዘገይበትን ረጅሙን ተከታታይ የማስላት ዘዴ አበጁ። መሣሪያዎቹን ዛሬ ማንኛውም ኮምፒውተር ይሠራቸዋል። በማማከር ሥራ የሚዘነጋው ያ ረጅም ሰንሰለት አብዛኛውን ጊዜ በደንበኛው ቢሮ በኩል የሚያልፍ መሆኑ ነው። የሦስት ዓመት የሽያጭ መረጃ መቀበል፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ቀጠሮ ማግኘት፣ በረቂቁ ላይ አስተያየት መጠበቅ፦ እነዚህን በሰሌዳው ላይ የማያሰፍር አማካሪ ግማሹን ሥራ ሳያቅድ ቀርቷል። እኔ የደንበኛውን ተግባራት በዚያው ሰሌዳ ላይ በሌላ ቀለም፣ ከኃላፊው ስም ጋር አስቀምጣለሁ። ስሙን ያየ ሰው በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «እኔ እኮ በዚያ ሳምንት ፈቃድ ላይ ነኝ» ይላል። ያንን መስማት ነው የምፈልገው።

ዕቅዱ ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት የምትፈጅ ሥራ ትቀራለች፤ ከሁሉም በላይ የምወዳት። ጋሪ ክላይን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት አጭር ጽሑፍ በሰፊው ትታወቃለች። ሥራው ሳይሞት የሚደረግ የአስከሬን ምርመራ ልትሏት ትችላላችሁ። ቡድኑንና የደንበኛውን ሰዎች ትሰበስቡና «ዓመት አልፏል፤ ይህ ፕሮጀክት ክፉኛ ከሽፏል። ለምን እንደከሸፈ በየግላችሁ ጻፉ» ትላላችሁ። «ምን ስጋት አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው በጨዋነት «ደህና ነው» ይላል፤ ስጋት መናገር ሟርት ይመስላላ። ከሽፏል ብላችሁ ስትጀምሩ ግን ሟርቱን ያሟረታችሁት እናንተ ናችሁ፤ የቀረው ሰው ምክንያት ብቻ ነው የሚፈልገው። አንድ ጊዜ ከስብሰባው ወረቀቶች በአንዱ ላይ «ምክንያቱም ሁለቱ ምክትሎች አይነጋገሩም» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። የእጅ ጽሑፉ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ዕቅዱን ግን ለወጥነው፤ ለሁለቱ ምክትሎች ለየብቻቸው የሚቀርቡ ሁለት ስብሰባዎች ጨመርን።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ የምመራው በአንዲት ገጽ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ ለደንበኛው የምትላከው ማስታወሻ አራት አጫጭር አንቀጾች አሏት። ምን ተሠራ፤ ታቅዶ ምን ሳይሠራ ቀረ፤ ከእናንተ ምን እንፈልጋለን፣ ከማን፣ እስከ መቼ፤ ምን አሳስቦናል። አራተኛዋን አንቀጽ ሁሉም ጀማሪ «በአሁኑ ሰዓት የሚያሳስብ ነገር የለም» ብሎ ሊሞላት ይወዳል። ሦስት ሳምንት በተከታታይ እንዲህ ከተጻፈ እኔ መደንገጥ እጀምራለሁ። የሚያሳስብ ነገር የሌለው ፕሮጀክት አላየሁም፤ የሚያሳስበው ነገር ያልተነገረበት ግን ብዙ አይቻለሁ። ከስብሰባም በኋላ ቃለ ጉባኤው በማግስቱ ይላክ። ከሳምንት በኋላ የሚላክ ቃለ ጉባኤ መዝገብነቱ ቀርቶ የክርክር መነሻ ይሆናል።

አሁን ወደ አንዲት አደገኛ ቃል እንምጣ፦ «እግረ መንገዳችሁን»። «እግረ መንገዳችሁን የቅርንጫፎቹንም ብታዩልን።» «እግረ መንገዳችሁን ለቦርዱ አንዲት ማቅረቢያ ብታዘጋጁልን።» ደንበኛው በክፋት አይደለም የሚላት፤ እንዲያውም ስለወደዳችሁ ነው። እናንተም በይሉኝታ እሺ ትላላችሁ። አንዷ ግማሽ ቀን ትፈጃለች፤ በሳምንት ሁለት ብትመጣ በአራት ወር ከአሥራ ስድስት ቀን በላይ ነው። ዋናው ሥራ ይዘገያል፤ ደንበኛው ደግሞ የሚያስታውሰው መዘግየቱን እንጂ ውለታውን አይደለም። እምቢ በሉ አልልም። «በደስታ፤ ሁለት ቀን ትወስዳለች፤ ወይ የረቂቁን ቀን በሁለት ቀን እንግፋ፣ ወይ ከሥራዎቹ አንዱን እንተው፣ ወይ ተጨማሪ ክፍያ እንዋዋል። የትኛው ይሻላል?» በሉና በጽሑፍ አስፍሩት። ነጻ የምታደርጉላቸውንም እንኳ ነጻ መሆኑን ጻፉት። በይሉኝታ የተዋጠ ቃል የኋላ ኋላ በቂም መልክ ይወጣል፤ ይህንን ያየሁት በደንበኛ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው።

በራሴ ካልኩ አይቀር ይህንንም ልናዘዝ። የአንድ ድርጅት የወጪ ጥናት ረቂቅ ከላክን በኋላ አንድ ማታ ሰንጠረዡን ስከልስ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። የሁለት ክፍሎች ንዑስ ድምር በጠቅላላው ድምር ውስጥ እንደገና ተደምሯል። የትራንስፖርት ወጪው ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ታይቷል፤ ዋናው ምክራችን ደግሞ በእሱ ላይ የቆመ ነበር። ወዲያው መደወል ነበረብኝ። «ሙሉ በሙሉ ላጣራ» አልኩ። ሁለት ቀን አጣራሁ። እውነቱን ለመናገር ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚጣራ ነገር አልነበረም፤ የቀረው ጊዜ ያለፈው ደብዳቤውን በማሳመር ነው። በሁለተኛው ቀን ደንበኛው ያንኑ የተሳሳተ ቁጥር በቦርድ ስብሰባ ላይ አነበቡት። ስህተቱን ይቅር አሉን። «ማክሰኞ ማታ ታውቅ ነበር?» ብለው ሲጠይቁኝ ግን «አዎ» ከማለት ሌላ ያልኩት የለም። ከዚያ ወዲህ አልቀጠሩንም። አሁን በቡድኔ ውስጥ ያለው ደንብ ስህተት በታየበት ቀን ይነገራል የሚል ነው፤ መፍትሔው ባይገኝም እንኳ። ያንን ሰንጠረዥ የሠራችው ወጣት ባልደረባችን ከመላኩ በፊት ድምሩ ከፍ ማለቱን ተጠራጥራ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ። ለምን እንዳልተናገረች አልጠየቅኳትም። በዚያ ሳምንት ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አውቃለሁ።

ስለ ማጠቃለያው ስብሰባ ብዙ የምለው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ፤ በዚያ ስብሰባ ላይ ማንም ሰው አዲስ ነገር መስማት የለበትም። ምክራችሁ የሚነካቸውን ሰዎች ከስብሰባው በፊት ለየብቻ አግኟቸውና የምትሉትን ንገሯቸው። ከመካከላቸው ቁጥራችሁን የሚያርም ይገኛል። በሰው ፊት ቢሆን ኖሮ ቁጥሩን ከማረም ይልቅ እናንተን መጣል ይቀለው ነበር።

ከርክክብ በኋላስ? እዚህ ላይ ጄምስ ማኪንዚን አስታውሳለሁ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ መምህር የነበሩና እ.ኤ.አ. በ1926 በስማቸው የሚጠራውን የማማከር ድርጅት የመሠረቱ ሰው ናቸው። በ1935 ማርሻል ፊልድ የተባለውን ትልቅ የቺካጎ ሱቅ አጥንተው ምክራቸውን አቀረቡ። ባለቤቶቹ «እንግዲያውስ እርስዎ ይምጡና ይፈጽሙት» አሏቸው፤ እሳቸውም ድርጅታቸውን ለባልደረቦቻቸው ትተው ሄዱ። የጅምላ ንግዱን ዘጉ፤ ብዙ ሰው አሰናበቱ፤ ብዙ ጥላቻም አተረፉ። በ1937 በሳንባ ምች ሲያርፉ ገና 48 ዓመታቸው ነበር። እያንዳንዱ አማካሪ ምክሩን ራሱ ይፈጽም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ምክር በምትጽፉበት ሌሊት «ነገ ጠዋት ይህንን የምፈጽመው እኔ ብሆን መጀመሪያ የምደውለው ለማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌላችሁ ምክሩ ገና አላለቀም። እኔ በውሉ ላይ ከርክክብ ሦስት ወር በኋላ የሚደረግ የአንድ ቀን ጉብኝት አስገባለሁ። ሪፖርቱ የት እንደተቀመጠ አልጠይቅም፤ ሰኞ ጠዋት ምን እንደተለወጠ ነው የምጠይቀው፤ የምጠይቀውም ሥራ አስኪያጁን ብቻ አይደለም።

ወደ እኚያ የመጋዘን ኃላፊ ልመለስና ላብቃ። ደብተሩን ካየሁ በኋላ ያደረግኩትን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔ ግን ልንገራችሁ። ምክትል ሥራ አስኪያጁን በማግስቱ ብቻቸውን አገኘኋቸው። ደብተሩን አልጠቀስኩም። «ጥናታችን ትእዛዙ ከመፈረሙ በፊት ያለውን ጊዜ አልለካም፤ ጉድለቱ የእኛ ነው፤ ሁለት ሳምንት ያለ ክፍያ ጨምረን እንለካ» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እኔ ጋ ነው የሚቆየው፣ አይደል?» አሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያውቁት ኖሯል፤ ሰው አስረድቶ እስኪነግራቸው እየጠበቁ። ለአነስተኛ ትእዛዞች የመፈረም ሥልጣኑ በወሩ ለሽያጭ ክፍሉ ተሰጠ። ሶፍትዌሩም ሳይገዛ ቀረ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ። እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ ካወረዳችሁት እጀምራለሁ፤ ከኋላ ረድፍ ሁለት ሰዎች አይቻለሁ።